ግራንድ ካንየን ከልጆች ጋር፦ የትኛው አፋፍ ለየትኛው ቤተሰብ?

አሪዞና ያለውን ግዙፍ ገደል ለማየት «ዘንድሮ ግራንድ ካንየን እንሂድ» ማለት ቀላል ነው። ጣጣው የሚመጣው ስሙን ስልካችሁ ላይ ስትጽፉት ነው። ሳውዝ ሪም (የደቡቡ አፋፍ) አለ፣ ኖርዝ ሪም (የሰሜኑ አፋፍ) አለ፣ ግራንድ ካንየን ዌስት (ምዕራቡ) አለ። ሲያዩዋቸው የአንድ ግቢ ሦስት በሮች ይመስላሉ። አይደሉም። ሳውዝ ሪም ቆማችሁ ኖርዝ ሪምን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። በአየር 16 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመኪና ልሻገር ካላችሁ ግን 345 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ አምስት ሰዓት መንዳት ማለት ነው። ገደሉን ዞሮ መሄድ እንጂ መሀሉን አቋርጦ የሚያልፍ የመኪና መንገድ የለም።

እኛ ይህን ያወቅነው ከደረስን በኋላ ነው። ላስ ቬጋስ አድረን ስልኩ «ይሄ ይቀርባል» ያለንን ይዘን ወደ ዌስት ነዳን። እዚያ ስንደርስ የብሔራዊ ፓርኮቹን ዓመታዊ ካርድ ኮራ ብዬ ዘረጋሁ። ሠራተኛዋ ፈገግ ብላ መለሰችልኝ። ለካ ቦታው ፓርኩ ውስጥ አይደለም። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ድረ ገጹን ለአምስት ደቂቃ ባነብ ኖሮ የሚታወቅ ነገር ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለቴ ተመልሰናል። ሰው ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ገደሉን ማየት አንድ ጉዞ ነው፤ ወንዙ ዘንድ መድረስ ሌላ ጉዞ ነው። ሁለቱን አንድ ቀን ላይ ለመጠቅለል የሚሞክር ቤተሰብ ነው የሚቸገረው። ስለዚህ ቦታ ከመምረጣችሁ በፊት መኪናው ውስጥ ያለውን ሰው ቁጠሩ። ትንሹ ልጅ ስንት ዓመቱ ነው? ጉልበቱን የሚያመው ማን ነው? ልጆቹ የሚፈልጉት ማየት ነው ወይስ ውሃ መንካት?

ሳውዝ ሪም፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ

አንዴ ብቻ የምትሄዱ ከሆነ ሳውዝ ሪም ሂዱ። ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው። ከፍላግስታፍ ከተማ 130 ኪሎ ሜትር፣ ከላስ ቬጋስ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። መግቢያው ለአንድ መኪና 35 ዶላር ነው፤ ለ7 ቀን ያገለግላል። ውስጥ ያለው ሻትል (የፓርኩ አውቶቡስ) ነፃ ነው። በዚህ ሻትል መጠቀምን አትናቁ። ፓርኪንግ ፍለጋ ስትዞሩ ከምትውሉ መኪናውን ጠዋት አንድ ቦታ አቁማችሁ እርሱት። ደግሞ ሄርሚት ሮድ የሚባለው ምርጥ እይታ ያለበት መንገድ ከማርች እስከ ኖቬምበር ለግል መኪና ዝግ ነው። በሻትል ነው የሚኬደው።

ጋሪ ለሚገፋ ቤተሰብ፣ አያት ይዞ ለመጣ ቤተሰብ ይህን የሚያህል ቦታ የለም። ሪም ትሬይል የሚባለው የእግር መንገድ አፋፉን ተከትሎ 21 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ብዙው ክፍል የተነጠፈ ነው። ሲደክማችሁ በቅርብ ያለው የሻትል ማቆሚያ ላይ ትቀመጣላችሁ፤ በቃ።

የዚሁ መንገድ አንዱ ክፍል የጊዜ መንገድ ይባላል። መሬቱ ላይ በየሜትሩ ምልክት ተተክሏል። አንድ ሜትር አንድ ሚሊዮን ዓመት ነው። ሴት ልጄ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። አንድ ጊዜ ስትዘል «አንድ ሚሊዮን!» ትላለች፤ ደግማ ትዘልና «ሁለት ሚሊዮን!»። ሃምሳ ላይ ስትደርስ ተንፍሳ ቁጭ አለች። «ዳይኖሰር ጋ ደረስኩ?» አለችኝ። ገና 16 ሜትር ይቀራታል። ተነስታ ሮጠች። ከመንገዱ ዳር ከገደሉ የመጡ ድንጋዮች በየዕድሜያቸው ተደርድረዋል፤ እንዲነኩ ነው የተቀመጡት። ከሁሉም ነገር ልጆቹ እስከ ዛሬ የሚያወሩት ይህን ነው።

አንድ ቅር የሚል ነገር አለ። ሳውዝ ሪም ላይ ወንዙ እንደልብ አይታይም። ገደሉ ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ይጠልቃል፣ ኮሎራዶ ወንዝ ደግሞ ከታች ተሸሽጎ ነው የሚሄደው። ሎጆቹ ካሉበት መንደር አካባቢ ብትመለከቱ አልፎ አልፎ እንደ ክር ብቅ ይላል። ደህና አድርጋችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ነድታችሁ ዴዘርት ቪው ሂዱ። በ1932 የተሠራ 21 ሜትር ቁመት ያለው የድንጋይ ማማ አለ። ወንዙ ሲታጠፍ ከዚያ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ሌላው ነገር አጥር ነው። አብዛኛው አፋፍ አጥር የለውም። ገደሉ አለ፣ እናንተ አላችሁ፣ መሀል ላይ ምንም የለም። ሮጦ ለማይጠግብ የሦስት ዓመት ልጅ እጅ መያዝ ብቻ አይበቃም። እኛ በሻንጣ መልክ ጀርባ ላይ የሚታሰር ማሰሪያ ገዛን። መጀመሪያ አፈርኩ። አፋፉን ካየሁ በኋላ ማፈሩ ለቀቀኝ።

ሽኮኮዎቹንም ተጠንቀቁ። ቀልዴን አይደለም። ሰው ሲያበላቸው ስለለመዱ እግር ሥር ይመጣሉ፤ ልጅ እጁን ሲዘረጋ ይነክሳሉ። እዚያ ብዙ ሰው የሚጎዳው እንስሳ ተራራ አንበሳ ሳይሆን ይህች ትንሽ ፍጥረት ናት።

ልውረድ ወይስ አልውረድ?

ተራራ ስትወጡ ድካሙ በፊት ነው፤ ሲመሽ ቁልቁለቱ ያግዛችኋል። ገደል ይህን ይገለብጠዋል። ቁልቁለቱ ጠዋት፣ በብርታት ሰዓት፤ አቀበቱ ከሰዓት፣ ጉልበት ሲያልቅ፣ ፀሐይ ስትበረታ። ልጅ ሲወርድ ፍየል ነው። «አልደከመኝም» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ ገና አልደከመውም።

ብራይት ኤንጀል ትሬይል ላይ እስከ መጀመሪያው ማረፊያ ወርደን ነበር። 2.4 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። መውረዱ አንድ ሰዓት አልሞላም። መውጣቱ ሁለት ሰዓት አለፈው፤ የመጨረሻውን ሩብ ልጅቷ ጀርባዬ ላይ ነበረች። ፓርኩም የሚለው ይኸው ነው፦ ለመውጣት ከመውረዱ እጥፍ ጊዜ ያዙ። እስከ ወንዙ ወርዶ በዚያው ቀን መመለስን ደግሞ ጭራሽ አትሞክሩ ይላል። ከታች ሰመር ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። አፋፉ ላይ ሹራብ አስለብሷችሁ የነበረ ቀን ማለት ነው።

ለልጆች ያለኝ ምክር አጭር ቁልቁለት መርጣችሁ በጠዋት መግባት ነው። ሳውዝ ካይባብ ትሬይል ላይ ኡ አ ፖይንት የሚባል ቦታ አለ። ስሙ ራሱ ጩኸት ነው። 1.4 ኪሎ ሜትር ወርዳችሁ ግራ ቀኙን ሙሉ ገደል ታያላችሁ። እይታው ከብራይት ኤንጀል ይበልጣል፤ ነገር ግን መንገዱ ላይ ውሃም ጥላም የለም። ብራይት ኤንጀል ደግሞ በሞቃቱ ወራት ማረፊያዎቹ ላይ ውሃ ይኖረዋል። ቧንቧው ስለሚበላሽ የዕለቱን ማስታወቂያ ሳታዩ በሱ አትተማመኑ። ሕፃናት ካሉ ብራይት ኤንጀል፣ ከአሥር ዓመት በላይ የሆኑና የሚራመዱ ልጆች ካሉ ሳውዝ ካይባብ እላለሁ።

ሰዓቱን ለማስታወስ አንድ ቀላል ዘዴ አለኝ። ሰመር ላይ ቁልቁለቱ ውስጥ መገኘት የሌለባችሁ በፈረንጅ ከ10 እስከ 4 ነው። በእኛ አቆጣጠር ከ4 እስከ 10። ቁጥሩ ያው ነው፤ ተገልብጦ ነው።

ውሃ ብቻውን እንደማይበቃም ልንገራችሁ። ሳይበሉ ውሃ ብቻ መጋት የሰውነትን ጨው ያጥባል፤ እሱም ራሱን የቻለ ሕመም ያመጣል። ጨው ያለው የሚቆረጠም ነገር በልጁ ኪስ ይኑር። በቅሎዎች ሲመጡ ደግሞ ከመንገዱ ወደ ውስጠኛው፣ ወደ ግድግዳው በኩል ጥግ ያዙና መሪያቸው የሚላችሁን አድርጉ። ሽታውን ልጆቹ ለሳምንት ያወሩታል።

ዌስት፦ አንድ ቀን ብቻ ላለው

ዌስት ዋላፓይ የሚባሉት የአካባቢው ነባር ሕዝብ መሬት ነው፤ የሚያስተዳድሩት እነሱ ናቸው። የፓርክ ካርድ አይሠራም፤ የሚከፈለውም በመኪና ሳይሆን በሰው ነው። አምስት ስድስት ሆናችሁ ከሄዳችሁ ከሳውዝ ሪም 35 ዶላር ጋር የሚወዳደር አይደለም። ለዚህ ምትክ የምታገኙት ቅርበት ነው። ከላስ ቬጋስ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በሁለት ሰዓት ተኩል ትደርሳላችሁ፣ ማታ ሆቴላችሁ ትመለሳላችሁ።

በ2007 የተከፈተው ስካይዎክ እዚህ ነው። ከአፋፉ 21 ሜትር ወደ አየር የወጣ የመስታወት መንገድ ነው። ትልቁ ልጄ እየጨፈረ ሄደበት። ባለቤቴ መሀል ላይ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ወደፊትም ወደ ኋላም እምቢ አለች። ከፍታ የሚፈራ ሰው ካለ የስካይዎክ ትኬቱን ሳትገዙ በፊት ጠይቁት።

ዌስትን አላጣጥልም። ነገር ግን የእግር መንገዱ፣ ዛፉ፣ ስፋቱ ሳውዝ ሪም ላይ ነው ያለው። ልጆቹ «ግራንድ ካንየን» ሲሉ ፎቶ ላይ ያዩት ያኛውን ነው።

ኖርዝ ሪም፦ ለሌላ ጊዜ

ኖርዝ ሪም ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ከደቡቡ 300 ሜትር ይበልጣል። ቀዝቃዛ ነው፣ ጫካ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው። ከሜይ አጋማሽ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ነበር የሚከፈተው፤ ከዚያ በረዶ መንገዱን ይዘጋዋል። ነገር ግን በጁላይ 2025 በመብረቅ የተነሳ ሰደድ እሳት ታሪካዊውን ሎጅና በርካታ ሌሎች ቤቶችን አቃጥሏል። ስለዚህ የድሮ የጉዞ መመሪያ ይዛችሁ አትነሱ። ምን እንደተከፈተ፣ የት እንደሚታደር የፓርኩ ገጽ ላይ አይታችሁ ወስኑ። ትንንሽ ልጆች ላሉት ቤተሰብ እኔ አሁን አልመርጠውም።

ወንዙን መንካት ለሚፈልጉ

ይህን ክፍል ብዙ ሰው ይዘለዋል። ለኔ ግን ከጉዞው ሁሉ የሚጣፍጠው እሱ ነው።

ሊስ ፌሪ የሚባል ቦታ አለ። የግራንድ ካንየን መጀመሪያ እሱ ነው፤ የገደሉ 446 ኪሎ ሜትር ርዝመት የሚቆጠረው ከዚያ ነው። እዚያ ግድግዳው ዝቅ ይልና መኪና እስከ ውሃው ዳር ይደርሳል። አስፋልት ነው፣ ቁልቁለት የለም፣ አቀበት የለም። ከሳውዝ ሪም በዴዘርት ቪው በኩል ወጥታችሁ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የሚገኘው ግሌን ካንየን በሚባለው ሌላ ፓርክ ውስጥ ስለሆነ መግቢያው ለብቻው ነው፣ ለመኪና 30 ዶላር።

ልጆቹ መጀመሪያ የጠየቁት «ለምንድን ነው አረንጓዴ የሆነው?» ብለው ነው። ኮሎራዶ በስፓኒሽ ቀላ ያለ ማለት ነው። ወንዙ ግን ጠርሙስ ይመስላል። ምክንያቱ 24 ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ያለው ግድብ ነው። ደለሉ ሐይቁ ውስጥ ይቀራል፤ ውሃው ከሐይቁ ጥልቀት ተስቦ ጠርቶና ቀዝቅዞ ይወጣል። ትንሽ ወረድ ስትሉ ፓሪያ የምትባል ትንሽ ወንዝ ትቀላቀለዋለች። እሷ ጭቃዋን እንደያዘች ናት። ቡናማውና አረንጓዴው ጎን ለጎን ሲሄዱ ትንሽ ቆይቶ ነው የሚዋሃዱት። ልጄ አንድ እግሯን እዚህ አንድ እግሯን እዚያ ለማድረግ ስትሞክር ግማሽ ሰዓት ፈጀች።

ዋና ግን የለም። ቅዝቃዜው ትንፋሽ ይቆርጣል፤ ዳር ላይ ጸጥ ያለ ቢመስልም መሀሉ ይወስዳል። እግር መንከር፣ ድንጋይ መወርወር፣ በቃ። በራፍት (በአየር በሚሞላ ጀልባ) ለሳምንታት የሚጓዙ ሰዎችም የሚነሱት ከዚህ ነው። ጠዋት ከሆነ ሳጥንና ገመድ ሲጭኑ ማየት ለልጆች ትልቅ ትርኢት ነው።

ጀልባ ላይ መውጣት ከፈለጋችሁ ሁለት ዓይነት አለ። ከግድቡ ሥር ተነስቶ ሊስ ፌሪ የሚያበቃው ግማሽ ቀን ነው፤ ውሃው ዝርግ ነው፣ ረጭታ እንጂ ድንጋጤ የለውም። ሌላው ኃይለኛ ወራጅና ማዕበል ያለው የብዙ ቀን ጉዞ ነው። ትንንሽ ልጆች ላሉት የመጀመሪያው፤ ለሁለተኛው ልጆቹ አድገው ጠብቁ። ሁለቱም ዝቅተኛ ዕድሜ ስላላቸው ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

እግረ መንገዳችሁን ናቫሆ ድልድይ ላይ ውረዱ። የ1929ኙ አሮጌ ድልድይ አሁን ለእግረኛ ብቻ ነው። ወንዙ 142 ሜትር ከሥራችሁ ነው። ኮንዶር የሚባሉት ግዙፍ አሞራዎች የድልድዩ ብረት ላይ ያርፋሉ፤ ክንፋቸው ላይ ቁጥር ተለጥፎባቸዋል።

ፔጅ ከተማ ድረስ ከሄዳችሁ ወንዙ እንደ ፈረስ ጫማ የሚታጠፍበት ሆርስሹ ቤንድ አለ። የደርሶ መልስ እግር ጉዞው 2.4 ኪሎ ሜትር ነው፣ ጥላ የለውም፣ ጠዋት ግቡ። እዚያው አካባቢ ያሉት ጠባብ የድንጋይ ስንጥቆች ያምራሉ። ነገር ግን ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ የሚበዛበት ወቅት ነው። በኦገስት 1997 ከስንጥቆቹ አንዱ በሆነው አንቴሎፕ ካንየን ውስጥ 11 ጎብኚዎች በደራሽ ጎርፍ ሞተዋል፤ ዝናቡ የዘነበው እነሱ ራስ ላይ ሳይሆን ራቅ ብሎ ነበር። አስጎብኚው «ዛሬ አንገባም» ካለ አትከራከሩት።

የት እንደር?

መንደሩ ውስጥ ያሉት ሎጆች ከሁሉ ይመቻሉ፤ ፀሐይ ስትወጣ በፒጃማ አፋፉ ላይ ናችሁ። ግን በወራት ቀድመው ይያዛሉ። ማዘር ካምፕግራውንድ ላይ ድንኳን ለመትከል ቦታ ማስያዝ ከ6 ወር በፊት ይከፈታል። ድንኳን የምትመርጡ ከሆነ ከፍታው 2,100 ሜትር መሆኑን አትርሱ። ጁን ላይ እንኳ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። እኛ የሰመር ብርድ ልብስ ይዘን ሄደን መኪና ውስጥ ነው ያነጋነው።

ሁለቱም ካልተገኘ ከበሩ ውጪ ያለው ቱሳያን ቅርብ ነው፣ ውድ ነው። ዊልያምስ 95 ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ ዋጋው ይሻላል። ከዊልያምስ ደግሞ በ1901 የተከፈተ የባቡር መስመር አለ፤ ሁለት ሰዓት ከሩብ ያህል ተጉዞ አፋፉ አጠገብ ያወርዳል። መኪና መንዳት የሰለቸው አባት ካለ ይህን ያስብበት። ጉዳቱ በባቡሩ ሰዓት መታሰራችሁ ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ አታዩም።

ገንዘቡና ሰዓቱ

ሳውዝ ሪም 35፣ ግሌን ካንየን 30፤ ድምሩ 65 ዶላር። የአሜሪካ ነዋሪ የሚገዛው ዓመታዊ ካርድ 80 ነው። ሁለቱን ብቻ ከሆነ አትግዙት። ዛየን የሚባለውን ሌላ ብሔራዊ ፓርክ ከጨመራችሁ ግን ሌላ 35 ነው፤ ያኔ ካርዱ ያዋጣል። አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ ግራንድ ካንየንን ጨምሮ 11 ፓርኮች የአሜሪካ ነዋሪ ያልሆነ 16 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ጎብኚ 100 ዶላር ተጨማሪ ያስከፍላሉ። ከውጭ የመጣች እናት ወይም አክስት ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን በጀታችሁ ውስጥ አስገቡት።

ነዳጅ ሳውዝ ሪም መንደር ውስጥ የለም። ቱሳያን ወይም ዴዘርት ቪው ሙሉ።

ሰዓት ደግሞ ያሳብዳል። አሪዞና ሰመር ላይ ሰዓት አትቀይርም፤ የናቫሆ ነባር ሕዝብ መሬት ግን ይቀይራል። ከሳውዝ ሪም ወደ ሊስ ፌሪ ስትነዱ በእሱ መሬት ነው የምታልፉት። ስልካችሁ አንድ ሰዓት ወደፊት ይዘላል፣ ቆይቶ ይመለሳል። ፔጅ በአሪዞና ሰዓት ነው የምትሠራው። የጀልባ ቀጠሮ ካላችሁ የክንድ ሰዓት እሰሩ። እኛ ሳናውቅ አንድ ሰዓት ቀድመን ደርሰን ባዶ ፓርኪንግ ላይ ተፋጠጥን።

እኔ ብሆን እንዲህ እከፍለዋለሁ

አንድ ቀን ብቻ ካላችሁና ላስ ቬጋስ ከሆናችሁ፣ ዌስት። ሁለት ሌሊት ካላችሁ ሁለቱንም ሳውዝ ሪም አሳድሩት፤ አንዱን ቀን ለአፋፉና ለጊዜ መንገድ፣ ሌላውን ጠዋት ለአጭር ቁልቁለት። ሦስተኛ ሌሊት ከተገኘ ሊስ ፌሪ ወይም ፔጅ። ወር መምረጥ ከቻላችሁ ኤፕሪል፣ ሜይ፣ ሴፕቴምበር መጨረሻና ኦክቶበር። ልጆቹ ትምህርት ቤት ስላላቸው ሰመር ላይ የግድ ከሆነ ደግሞ ከንጋት እስከ ረፋድ ውጡ፣ ቀትሩን ተኙ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንደገና ውጡ። ዊንተር ላይ ሰው ይቀንሳል፣ ሄርሚት ሮድም ለግል መኪና ይከፈታል። ቁልቁለቱ ግን በረዶ ይጋገርበታል፤ ጫማ ላይ የሚታሰር ጥርስ ያለው ብረት ካልያዛችሁ አፋፉ ላይ ቆዩ።

ለልጆች ደግሞ እንደደረሳችሁ የጁኒየር ሬንጀር (የትንሽ ፓርክ ጠባቂ) ደብተር ውሰዱላቸው። ነፃ ነው። ሞልተው ሲመልሱ ጠባቂው ቀኝ እጃቸውን አስነስቶ ቃል ያስገባቸውና ባጅ ይሰጣቸዋል። የኛዋ በሦስተኛው ቀን ሊስ ፌሪ ላይ ባጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ ውሃው ዳር የተጣለ የብስኩት ላስቲክ አንስታ አመጣችልኝ። የኔ ነበር።